ሸኚ የሌለው አይሳፈርም

የብረት ቀለም ሽታ ከአፍንጫ ቶሎ አይወጣም። ትናንት ከምሠራበት የስልክ ጥገና ሱቅ ጎን አንድ ሰው በር ሲቀባ ዋለ። ብርማ ቀለም ነው፤ ያ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋው። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ሽታውም እየከበደ መጣ። አንዲት ደንበኛ የተሰነጠቀ ስክሪን ይዛ ፊቴ ቆማ ስታናግረኝ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ለሚ ኩራ ነበርኩ። ከአያት ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ማሳው በሚጀምርበት ዳር፣ ከአንድ አውሮፕላን ክንፍ ሥር።

እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። ወሬ አልችልበትም። በቤታችን ወሬ የሚችለው ወንድሜ ነበር። እስቲ ከእሁዱ ልነሳ። ደህና የነበርንበት የመጨረሻው ቀን እሱ ነው።

የዚያን እሁድ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዱ ሚኒባሱን ከበራችን ፊት አቁሞ ያጥብ ነበር። ታክሲ ነጂ ነው፤ ከቦሌ ሚካኤል መገናኛ ይሠራል። እናቴ ከውስጥ ድንች ቀቅላ ዳቦ ትቆርጣለች። ታናሽ እህቴ የግራ ጫማዋን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሜ ደግሞ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን የብረት ጥላሸት በሎሚ እየፈተገ ነበር። ሎሚው ይሸተኛል። ከዚያ ቀን ምንም ነገር አልጠፋ ብሎኛል።

አስቀድመህ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። አባቴና ወንድሜ አይነጋገሩም ነበር። ዓመት አልፏቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን አልፎ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። ከዘር ማንዘራችን የመጀመሪያው እሱ ነው። አባቴ ከወሎ ድረስ ዘመድ ጠርቶ፣ በግ አርዶ፣ ዱዓ አስደርጎ ሸኘው። መናኸሪያ ድረስ በዚያው ሚኒባስ ተጠቅጥቀን ሄድን። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አባቴ እጁን ዘርግቶ መረቀው። ረጅም ምርቃት ነበር። ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ አባቴ አያቋርጥም። ሰው እየሳቀም እያለቀሰም አሚን አለ።

ወንድሜ ግን ዓመቱን ሳይጨርስ ተመለሰ። ሻንጣውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ «እኔ ብረት እንጂ ወረቀት አይገባኝም» አለ። በሳምንቱ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለ ብየዳ ቤት ሥራ ጀመረ። አባቴ አልጮኸም። አልመታውም። ለእናቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ምርቃቴን መልሶ አመጣልኝ።» ከዚያ በኋላ ለወንድሜ ቃል አልወጣውም።

በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ሳይነጋገር እንዴት ይኖራል ትለኝ ይሆናል። በእኔ በኩል ይኖራል።

«ወንድምህን በሩን ይዝጋ በለው» ይለኛል አባቴ፣ ወንድሜ ጉልበት ለጉልበት ሊነካካ ተቀምጦ።

«በሩን ዝጋ አለህ» እላለሁ።

«እሺ በለው።»

«እሺ ብሏል።»

እናቴ መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። እየቆየ ስታየው ቀልድ አደረገችው። «አምባሳደር» ትለኛለች። «ና ብላ አምባሳደር፣ ሁለቱ መንግሥታት ዛሬ በምን እንደሚያኮርፉ እንይ።» ወንድሜ ይስቃል። አባቴም አንዳንዴ ከንፈሩ ሊስቅ ይልና ይተወዋል።

እና ወንድሜ ያን እሁድ «የሆነ ቦታ ልውሰዳችሁ» ሲል ምን እንደፈለገ እናቴም እኔም አውቀናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ወጥቶ የሚያመሽበትን ቦታ ማለቱ ነው። እናቴ ሴት ይዟል ብላ ስትጠረጥር ከርማ ነበር። ከእሁዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ለእኛ ለሁለታችን በሹክሹክታ የነገረን፤ አንድ ሽማግሌ ለሚ ኩራ ግቢያቸው ውስጥ አውሮፕላን ሠርተዋል፣ ሰው እየሄደ ያያል፣ የአውሮፕላኑን መውጫ ደረጃ የሠራው ደግሞ እሱ ነው። አባቴ ያንን እንዲያይለት ፈልጓል። አይቶ ደግሞ ምናልባት አንድ ቃል ቢወጣው።

«የት ነው የምትወስደን?» አለች እናቴ፣ ምንም እንደማታውቅ፣ አባቴ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«አውሮፕላን ላሳፍራችሁ።»

«ምነው፣ እኛ አውሮፕላን ብርቃችን ነው? ጣሪያችን ላይ አይደል እንዴ የሚውለው።»

«ይሄኛው አይበርም እማ። ስለማይበር ነው የሚሻለው።»

አባቴ ጎማውን እያሸ፣ «በምን እንደምንሄድ ጠይቀው» አለኝ።

«በምን ነው የምንሄደው አለህ።»

«በመኪናው በለው። መንገዱን እኔ አሳየዋለሁ በለው።»

አባቴ ጨርቁን ጨመቀ። አጥብቆ ጨመቀው፣ አራገፈው፣ ሰቀለው። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ደስ ሲላት እንዲህ ታደርጋለች።

በጎሮ አድርገን በሰሚት አለፍን። ወንድሜ እንደ ረዳት በሩ አጠገብ ተቀምጧል። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር «ቀኝ በለው» ይለኛል፤ እኔ «ቀኝ» እላለሁ፤ አባቴ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እህቴ ጨዋታ መስሏት እሷም «ቀኝ! ቀኝ!» ትላለች፣ ወደ ግራ በምንታጠፍበትም ጊዜ። አያት፣ የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ስንደርስ አባቴ ለእናቴ «ከዚህ ወዲያ ሰው ጭኜ አላውቅም» አላት። ትንሽ እንደሄድን አስፋልቱ አለቀ። አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ መስኮት ያልገባላቸው ሕንፃዎች፣ አሸዋ የጫኑ አህዮች። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ሰፊ ነው።

መጀመሪያ ጭራው ታየ።

ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ የአውሮፕላን ጭራ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ብርማ ሆኖ ወገቡ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። ከጎኑ የሰው ልብስ ተሰጥቶ ይወዛወዛል። የግቢው በር ክፍት ነበር። ገብቼ ሙሉውን ሳየው ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ከኋላችን መጣ። መኪናውን ሳይቆልፍ ነበር የወረደው። አባቴ መኪናውን ሳይቆልፍ ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሆዱ በርሜል ነው። በርሜሎቹን ሰንጥቀው፣ በመዶሻ አስተኝተው፣ አንዱን በአንዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርበዋቸዋል። መስኮቶቹ የድስት ክዳኖች ናቸው። ባለ መስታወቶቹን ክዳኖች ማለቴ ነው፤ ማንሻቸው ተነቅሎ ቀዳዳው በቡሽ ተደፍኗል። በክንፎቹ ሥር የተንጠለጠሉት ሞተሮች የሲሚንቶ ማቡኪያ ናቸው፤ ከየሕንፃው ሥራ ተሰብረው የተጣሉ። በየአፋቸው አካፋዎች ክብ ሠርተው ተበይደዋል። ነፋስ ሲመጣ አካፋዎቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ሲዞሩም ይንሿሿሉ። አፍንጫው ላይ በትልልቅ ፊደል «ቀስ በቀስ» ተብሎ ተጽፏል። ስሙ ነው። የቀረውን ተረት ሰው ራሱ እንዲጨርሰው ትተውታል።

አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ አውሮፕላን በቅርብ አይቻለሁ፤ ጓደኛዬን ስሸኝ። እንደዚያኛው አላስደነገጠኝም።

ሽማግሌውን ሁሉም ሰው ካፒቴን ነው የሚላቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ በትከሻቸው ላይ የስጦታ ማሰሪያ ወርቃማ ሪባን ሰፍተው፣ የጥበቃ ባርኔጣ አድርገው ተቀበሉን። የግራው ክንፍ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ግቢ ገብቷል። እናቴ እሱን ስታይ ጊዜ ካፒቴኑ ቀደሟት።

«በክንፉ ተጣልተን ነበር» አሉ። «ጎረቤቴ ቁረጠው አለችኝ። ክንፉ የተቆረጠ አውሮፕላን ምን ይባላል ብላት፣ አውቶቡስ አለችኝ። በኋላ ሽማግሌ ገባና ልብሷን ልታሰጣበት ታረቅን።»

ከአጥሩ ወዲያ የሴት ድምፅ መጣ። «እኔ እርጥብ ጋቢ ባላሰጣበት ያ ክንፍ ነፋስ ይዞት በሄደ ነበር። ይሄንንም ንገራቸው እንጂ።»

«ሰማችሁ? ረዳት አብራሪዬ ናት» አሉ ካፒቴኑ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የግቢ በር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። የሚያውቁት የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ነው። ሴት ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር የሸኙት እዚያ ቆመው ነው። ሁለቱ ተመልሰዋል፤ አንዷ ገና ናት። ስለዚህ ካፒቴኑ የመብረርን ነገር የሚያውቁት ከሽኝት በኩል ነው። ሌላ ሰው አውሮፕላን ልሥራ ቢል ከሆዱ ወይም ከክንፉ ይጀምራል። እሳቸው የጀመሩት ከአጥሩ ነው። ከሁሉ በፊት የብረት አጥር አቁመው «ሸኚዎች እስከዚህ» ብለው ጻፉበት፤ አውሮፕላኑን የሠሩት ከዚያ በኋላ፣ ለአጥሩ ነው ማለት ይቻላል።

ሕጋቸውም ከዚያ የመጣ ነው። እዚያ የሄደ ሰው ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፤ መንገደኛና ሸኚ። ሸኚዎች አጥሩ ጋ ይቆማሉ። መንገደኛው ይሳማል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ ደረጃ ይወጣል። ብቻውን የመጣ ሰው እንኳ ቢሆን ከተሰለፈው መሃል ሸኚ ይፈለግለታል። ከፊታችን አንድ ጎረምሳ ፎቶ ሊነሳ ብቻ መጥቶ የማያውቃት አሮጊት አልቅሳ ስትሸኘው አይተናል። እውነተኛ ዕንባ ነው ያለቀሰችው። ጎረምሳውም ሲወጣ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

ደረጃው ከአውሮፕላኑ በር ሥር ቆሟል። አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ጎማ አለው፣ ይገፋል። ወንድሜ አላሳየንም። «ይሄውላችሁ» አላለም። እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ሌላ ቦታ ያይ ነበር።

ተራችን ደረሰ።

«መንገደኛው ማነው?» አሉ ካፒቴኑ።

«እሱ» አለች እህቴ ወንድሜን እየጠቆመች።

«ሸኚስ?»

«እኛ ነን» አለች እናቴ። «አባቱም አሉ።»

ካፒቴኑ ለአባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ወንድሜ፣ ይመርቁትና ይሂድ።»

አባቴ መሬት መሬት አየ።

እናቴ ልታድነው ቶሎ ብላ፣ «ለጨዋታ አይደል? እኔ ልመርቀው» አለች።

«እርስዎም ይመርቁታል። አባት ቆሞ ሳለ ግን አባት ይቀድማል።» ካፒቴኑ አልሳቁም። «ሸኚ የሌለው አይሳፈርም፣ ያልተመረቀ ደረጃ አይረግጥም። የዚህ ቤት ሕግ ነው።»

ከኋላችን አንድ ወጣት፣ «አባባ፣ እባክዎ ይፍጠኑልን፣ ፀሐይዋ ጨረሰችን» አለ። ከጎኑ የቆመችው ልጅ፣ «ዝም በል፣ አንተን ራሱ ማን እንደሚመርቅህ እንጃ» አለችው። ሰው ሳቀ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀው።»

«ወዴት ነው የምትሄደው አለህ» አልኩት።

ወንድሜ ትንሽ አሰበ። «ሩቅ አይደለም በለው። ቶሎ እመለሳለሁ በለው።»

ካፒቴኑ አንዴ አባቴን፣ አንዴ ወንድሜን አዩ። ነገሩን አያውቁትም። «ምነው፣ በአስተርጓሚ ነው እንዴ የምትነጋገሩት?» አሉ። «ሁለታችሁም አማርኛ የምትችሉ መስሎኝ።» ሰው እንደገና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የወንድሜ ጆሮ ቀልቶ ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች።

ያኔ አባቴ አጥሩን አልፎ ሄደ። ካፒቴኑ ሊመልሱት እጃቸውን አንስተው ነበር፤ ምን እንዳዩበት እንጃ፣ ተዉት። ደረጃው ጋ ደረሰና አንድ እግሩን አሳረፈበት። ሁለተኛውን ጨመረ። ክብደቱን ጥሎ ወዘወዘው። መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎማ ቀይሮ ሲጨርስ እንደሚያደርገው፣ በኃይል ነቀነቀው። ከዚያ ወርዶ ቁጢጥ አለ። ከሥሩ ገብቶ ብየዳውን አየ። አውራ ጣቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደበት። ረጅም ጊዜ አየው። የሚሰማው አካፋዎቹ ብቻ ነበሩ።

«ይሄን ማነው የሠራው?» አለ።

«ልጅዎ ነው እንጂ» አሉ ካፒቴኑ። «ምን፣ አያውቁም ነበር እንዴ?»

አባቴ ቁጢጥ እንዳለ ቀና አለ። «አንተ ነህ?»

ማንን እንደሚያናግር አልገባኝም። አፌን ከፍቼ ነበር። «አንተ ነህ አለህ» ልል ነበር። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እኔ ነኝ አባ» አለ ወንድሜ።

«አይነቃነቅም።»

«አይነቃነቅም አባ።»

ይሄው ነው። ከዓመት በላይ ዝም ተባብለው ያወጡት ይህቺን ነው። እናቴ ክንዴን አልለቀቀችኝም፤ በማግሥቱ ጠዋት ክንዴ ላይ የጣቶቿ ምልክት ነበር።

አባቴ ተነሳና እጁን ዘረጋ። «ሂድ» አለ። «አላህ የወጣህበትን ያቅናልህ። እጅህን ይባርክልህ። የነካኸው ብረት እህል ይሁንልህ…» ካፒቴኑ ያለቀ መስሏቸው ለባለቤታቸው እጃቸውን አወዛወዙ፤ እሳቸውም ከአውሮፕላኑ ጀርባ ጄኔሬተሩን አስነሱት። ግቢው በጩኸት ተሞላ። የአባቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን አይሰማም። አላቋረጠም። እንደ መናኸሪያው ጊዜ። ወንድሜ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ መዳፉን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈ። እንደዚያ ቆሙ። ከዚያ ወንድሜ ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ ካፒቴኑ እኔንም «ግባ፣ ግባ፣ ቦታ አለ» ብለው ከኋላው ሰደዱኝ።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ወንድሜ ዞረ። ዓይኑ ደም መስሏል። ጆሮዬ ሥር ገብቶ፣ «ሰማኸው?» አለኝ። «አናገረኝ። ጩጬ፣ አናገረኝ እኮ።»

ውስጡ ጨለም ያለና ሞቃት ነበር። ወንበሮቹ የድሮ ሚኒባስ ወንበሮች ናቸው፣ ቀበቶ አላቸው። የካፒቴኑ ባለቤት ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ከረሜላ በሰፌድ ይዘው በመሃል እየዞሩ፣ «ቀበቶ ያላሰረ ከረሜላ የለውም» ይላሉ። ለእኔ ሁለት ሰጡኝ። በድስት ክዳኖቹ የሚገባው ብርሃን ክብ ክብ እየሆነ በሰው ፊት ላይ ያርፋል። አንዱ በወንድሜ ጉንጭ ላይ ነበር። ጄኔሬተሩ ሁሉን ነገር ሲያንቀጠቅጥ ብርሃኑም ይንቀጠቀጣል።

ካፒቴኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሻወር ራስ እንደ ማይክ ይዘው ተናገሩ። «ክቡራን መንገደኞች፣ አሁን ከአያት በላይ ነን። ባቡሩ ትንሽ ሆኖ ቢታያችሁ እንዳትንቁት፤ እኛ ከፍ ብለን ነው።» ሰው ይስቃል። «በስተግራ የጎረቤቴን ጋቢ ታያላችሁ። ደመና ነው።» ወንድሜ ከሁሉ በላይ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቶ ነበር።

ድንገት ካፒቴኑ አጠገባቸው ያለውን ማጥፊያ ተጫኑ፤ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ከላይ እውነተኛው አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሊያርፍ እየመጣ ነበር። ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ለታላቃችን መንገድ እንልቀቅ» አሉ። ጥላው በእኛ ላይ አለፈ፤ ክብ ክብ ብርሃኖቹ ሁሉ ጠፍተው ተመለሱ። ሁሉም ዝም ብሎ ቆየ። ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ፣ «ተፈቅዶልናል፣ እንቀጥል» አሉ። ያ ሰውዬ ያችን ዝምታ እንዴት እንዳሰባት ይገርመኛል። ስንት ሰው ስንት ነገር ይሠራል፣ ዝም የሚባልበትን ጊዜ አስቦ የሚሠራ ግን አላየሁም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። አባቴ ወደ አጥሩ ተመልሶ ከሸኚዎቹ ጋር ቆሟል። እናቴ ነጠላዋን ታወዛውዛለች። እህቴ ትዘላለች። አባቴ ግራና ቀኙን አየና፣ ሌሎቹ ሲያደርጉ አይቶ፣ እጁን አነሳ። እኛ ያለንበትን መስኮት ግን አላወቀውም። ለባዶ መስኮት ነበር እጁን የሚያወዛውዘው። ወንድሜ ክዳኑን በጣቱ አንኳኳ። አባቴ አልሰማም። ወንድሜ ማንኳኳቱን አላቆመም።

ስንመለስ አባቴ የጋቢናውን በር ከውስጥ ከፈተ። ማንንም አልጠራም። ወንድሜ ሄዶ ገባ። መንገዱን ራሱ አሳየው፤ እኔ አላስፈለግኩም። ስለ ብረት ነበር የሚያወሩት። አባቴ የጎን በሩ ሲከፈት ሀዲዱ እየነከሰ እንደሚያስቸግር ነገረው። ወንድሜ ምን እንደሚያስፈልገው ያስረዳል። አባቴ፣ «ነገ ማታ ስትመጣ እየው» አለው። «እሺ አባ» አለ። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ዳቦና ድንች ታጎርሰናለች፣ ለሁለቱም በትከሻቸው በኩል እያሳለፈች ታጎርሳቸዋለች። አባቴ አፉን ሞልቶ፣ «እየነዳሁ ነው» ይላል። እኔ ሰሚትን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰደኝ። ምነው ባልተኛሁ። የቀረውን ምን እንዳወሩ አላውቅም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ይሄን በአጭሩ ልለፈው። አንድ ሕንፃ ላይ የበረንዳ ብረት ሲገጥም የቆመበት የእንጨት መወጣጫ ከዳው። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ከክፍል አስጠራኝ። ፊቱን ሳይ አወቅኩ። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ቀበርነው። በእኛ ወግ ሟች አያድርም።

አውሮፕላኑ አሁንም እንዳለ ሰዎች ይነግሩኛል። ደረጃውም አለ አሉ። እኔ አልሄድኩም። እሄድ ይሆናል።

ማክሰኞ ጠዋት ስነሳ ሰው መምጣት ጀምሯል። ድንኳኑ ከእኛ በር እስከ ጎረቤት በር ተተክሏል። ሴቶቹ ውስጥ ከእናቴ ጋር ናቸው። እህቴን አንዷ ዘመዳችን ወስዳታለች። አባቴን በወንዶቹ መሃል ፈልጌ አጣሁት። ሚኒባሱ ውስጥ፣ መሪው ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ሻይ ይዤለት ሄድኩ። በመስኮቱ ተቀበለኝ፤ አልጠጣውም።

«ግባ» አለኝ።

ዞሬ ጋቢና ገባሁ።

«ከኋላው የወጣኸው አንተ ነህ» አለኝ። «ደረጃው ላይ። እኔ በዚያ ጩኸት አልሰማሁም። አሚን ብሏል?»

ገባኝ። አባቴ አንድ እምነት አለው፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። ተመራቂው አሚን ያላለበት ምርቃት ተንጠልጥሎ ይቀራል ይላል። የመናኸሪያውን ምርቃት ልጁ መልሶ አምጥቶበታል። ይሄኛውን ተቀብሎት ይሁን አይሁን አያውቅም። የሚጠይቀው ሰው ደግሞ ከእኔ ሌላ የለውም።

«ብሏል» ማለት ቀላል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ሁሉ ጊዜ የሁለቱን ቃል ሳመላልስ ከራሴ ጨምሬ አላውቅም።

«አላለም አባ» አልኩት። «መናገር አቅቶት ነበር። ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሰማኸው አለኝ። አናገረኝ አለኝ። እሱን ነው ያለው።»

አባቴ ብርጭቆውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ። «አናገረኝ አለ?»

«አዎ። ደጋግሞ።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። አባቴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ዱዓ ላይ እንደምናደርገው መዳፎቼን ወደ ላይ ዘረጋሁና፣ «አሚን» አልኩ። ስለ ወንድሜ ነው ያልኩት። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። ከዚያ መዳፌን ፊቴ ላይ አሳለፍኩ። አባቴ ከመሪው ቀና አለ፤ እሱም መዳፎቹን ዘርግቶ ትንሽ ቆየ፣ ፊቱ ላይም አሳለፋቸው።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ብርጭቆውን ይዤ ሌላ ላመጣለት ወረድኩ።